ጳጉሜ 6ን የማያውቀው ሲስተም

ሰኞ ጠዋት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015። ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ሾላ ገበያ ዶሮ ተራ ቆሜ አንድ ቀይ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥዬ ዋጋ እከራከራለሁ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይነዝራል። በአንድ እጄ ዶሮ፣ በሌላው ብር፣ በየትኛው ላንሳው? ዝም አልኩት። ደግሞ ነዘረ። በሦስተኛው ዶሮውን ለባለቤቱ መልሼ አነሳሁት።

የደወለችው የቁጠባና ብድር ማህበሩ ሂሳብ ሹም ናት።

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ ምን ነክቶት ነው? አባላት እየደወሉ ይጮሁብኛል። ቅጣት ገብቶባችኋል የሚል ሜሴጅ ደርሷቸዋል።»

«የምን ቅጣት?»

«የነሐሴ ክፍያ ቀኑ አልፏል ይላል። ከፍቼ ሳየው ዛሬ መስከረም 1 ነው ይለኛል!»

ዙሪያዬን አየሁ። ዶሮ፣ ቄጠማ፣ ሽንኩርት፣ ሰው በሰው ላይ። ገበያው በሙሉ በዓሉ ነገ መሆኑን ያውቃል። የማያውቀው እኔ የጻፍኩት ሲስተም ብቻ ነው። ዶሮውን በተጠራው ዋጋ ገዝቼ (ባለዶሮው ፊቴን አይቶ አንድ ብር አልቀነሰልኝም) ወደ ቤት በረርኩ።

ነገሩ ከዚህ በኋላ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። አምስት ሆነን የምንሠራበት ትንሽ ድርጅት ነው። ቢሮ አለን፤ ግን ከኮሮና ወዲህ ብዙውን ጊዜ የምንሠራው ከቤት ነው። ቤት ማለት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የሥራ ጠረጴዛዬ የምግብ ጠረጴዛችን ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ በፈረቃ ትሠራለች፤ እሷ ሌሊት ገብታ ጠዋት ስትተኛ እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የምናደርጋትን የስልክ ስብሰባ ደረጃው ላይ ቆሜ በሹክሹክታ እሳተፋለሁ። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ላይ ሌላ ነገር ጠርጥረው ነበር መሰለኝ።

ከቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ «ቤት ነህ አይደል?» የምትለዋን ጥያቄ ያውቃታል። ቤት ነህ አይደል፣ ጋዝ ይመጣል ተቀበል። ቤት ነህ አይደል፣ ውሃ ከመጣች በርሜሏን ሙላ። ቤት ነህ አይደል፣ ልጅቷን ለአንድ ሰዓት ያዝልኝ። እውነት ነው፣ ቤት ነኝ። ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ስድስት ነገር ደርድሬ ሰባተኛውን ላስቀምጥ ስል በሩ ይንኳኳል፣ ስድስቱም ይወድቃሉ። ይሄን ለባለቤቴ ለማስረዳት ብዙ ሞክሬያለሁ። እሷ ደግሞ በአንድ ፈረቃ ስንት በሽተኛ እንዳየች ስትነግረኝ ዝም እላለሁ።

የማህበሩን ሲስተም መጻፍ የጀመርኩት ጥቅምት 2013 ላይ ነው። ልጃችን ያኔ የሁለት ወር ጨቅላ ነበረች። ቀን ቀን ሥራ አይታሰብም። ሌሊት እሷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በአንድ እጄ ኮድ እጽፍ ነበር፣ ስትተኛ በሁለት እጄ። ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ የምታሰላው የቀን መቁጠሪያ ፈንክሽን (አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ ቁራጭ ኮድ ማለት ናት) ከነዚያ የአንድ እጅ ኮዶች አንዷ ናት። ሰበብ ማብዛቴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ሰበብ ነው።

ማህበሩ አባላቱ በአብዛኛው ደሞዝተኞች ናቸው። ብድር ይወስዳሉ፣ በየወሩ ይከፍላሉ። ወሩ አልቆ ያልከፈለ 2 በመቶ ይቀጣል። እዚህ ላይ ጳጉሜ ትመጣለች። እንደሚታወቀው በጳጉሜ ደሞዝ የለም፤ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ለቱሪስት እንጂ ለደሞዝተኛ አልተፈጠረችም። ስለዚህ በማህበሩ ደንብ የነሐሴ ክፍያ እስከ ጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ድረስ ይቀበላሉ፣ ቅጣት የሚጀምረው መስከረም 1 ነው። ደግ ደንብ ናት። ሲስተሙም በዚሁ ነው የተጻፈው፦ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ሌሊት ያልከፈሉትን ይለቅማል፣ ቅጣት ይጽፋል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ሜሴጅ ይልካል።

አሁን ወደ ስህተቱ።

የፈረንጆቹ ዓመት ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ፌብሩዋሪ 29 ቀን ትሆናለች። ከ100 እና ከ400 ጋር የተያያዘ ማስተካከያ አላት፣ ግን መሠረቱ ይሄ ነው፣ ዴቨሎፐር የሆነ ሁሉ እጁ ላይ አለ። እኔም ጳጉሜ መቼ 6 እንደምትሆን ስጽፍ እጄ የለመደውን ጻፈ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 0 ከሆነ ጳጉሜ 6 ናት፣ ካልሆነ 5።

ትክክሉ ቀሪው 3 ሲሆን ነው። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል። ስለዚህ በ2015 ጳጉሜ 6 ናት። የኔ ፈንክሽን ግን 6 የምትሆነው በ2016 ነው ብላ ታምናለች።

«ታዲያ ሦስት ዓመት እንዴት ሠራ?» በሉኝ። የሚያናድደው እሱ ነው። ፈንክሽኗ የምትቆጥረው ከአንድ መነሻ ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2013፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020። ከዚያ 2013ን 365፣ 2014ን 365 ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። የ2013ን ጳጉሜ 5 በትክክል አለፈች፣ የ2014ንም። እኔም አይቼ «ይሠራል» አልኩ። 2015ንም 365 አለች። እዚህ ላይ አንድ ቀን ዋጠች። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜ 6 መሆን ሲገባው መስከረም 1 ቀን 2016 አደረገችው።

ጉዱ ግን በዚህ አያልቅም። ማንም ባያስተውል ኖሮ ሲስተሙ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ቀድሞን ይሄድ ነበር። ከዚያ 2016 ላይ የሌለች ጳጉሜ 6 ፈጥሮ ይቆይና መስከረም 1 ቀን 2017 ላይ ራሱን በራሱ ያስተካክላል! እንዲህ ዓይነቱን ባግ፣ የኮድ ስህተት ማለት ነው፣ ነው የምፈራው። ታሞ፣ ድኖ፣ ሦስት ዓመት ተደብቆ ተመልሶ የሚመጣውን።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። የበዓል ዋዜማ ነዋ። ላፕቶፑ ባትሪ 58 በመቶ ላይ ነው። ባለቤቴ የቀን ፈረቃ ገብታለች። ቤት ያሉት አማቴና ልጄ ናቸው። አማቴ ለበዓሉ ከደብረ ብርሃን መጥተው አንድ ሳምንት ሆኗቸዋል። የሽንኩርት ክምር ፊታቸው ደርድረው በከሰል ላይ ድስት ጥደዋል።

«መጣህ ልጄ? በል ቶሎ ባርክልኝ፣ ውሃው ፈልቷል።»

«እማማ፣ አንዴ ብቻ ይታገሱኝ፣ ሥራ ቦታ ችግር ተፈጥሮ ነው።»

«ዛሬም ሥራ?» አሉ፣ ዶሮውን ተቀበሉኝ።

ሆትስፖት ከፈትኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ሜሴጅ የሚልከውን ማቆም ነው፤ ገና ተራ የሚጠብቁ ብዙ ነበሩ፣ ከሦስት መቶ በላይ ግን ሄደዋል። ሁለተኛ ባክአፕ ወሰድኩ። ይሄን ሁለቱን በማድረጌ እስከ ዛሬ ራሴን አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር የሚመሰገን አልነበረም።

0ን ወደ 3 ቀየርኩ፣ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ። «ተስተካክሏል» ብዬ ደወልኩ። አምስት ደቂቃ ሳትቆይ መልሳ ደወለች።

«ቀኑ ተስተካክሏል፣ ግን ጳጉሜ 6 ብዬ ክፍያ ልመዘግብ ስል አይቀበለኝም። መምረጫው ላይ 5 ብቻ ነው ያለው።»

ለካስ ያቺ ሕግ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም ያለችው። ሰርቨሩ ላይ በፒኤችፒ አንድ፣ ስክሪኑ ላይ ቀን የሚመረጥበት ቦታ በጃቫስክሪፕት አንድ፣ ዳታቤዙ ውስጥ የወር ሪፖርት የሚያወጣው ቦታ ደግሞ አንድ። ሦስት ቅጂ። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ስህተት። ራስህን ስትኮርጅ ስህተትህንም ነው የምትኮርጀው።

ባትሪው 41 ደርሷል። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛ እንዳልሳሳት ፈራሁ። 3 ነው ብዬ የቀየርኩትም ኢንተርኔት ላይ ሮጥ ሮጥ ብዬ አይቼ ነው፣ በበዓል ዋዜማ ጭንቅላት። ወደ ማዕድ ቤት ዞርኩና ጠየቅኩ።

«እማማ፣ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው መቼ ነው?»

«በሉቃስ ነዋ።» ቀና እንኳ አላሉም፣ ሽንኩርታቸውን ይከትፋሉ።

«ሉቃስ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«አምስት ሺህ አምስት መቶን በዓመቱ ላይ ትደምራለህ። ከዚያ ለአራት ታካፍላለህ። አንድ ከቀረህ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረህ ዮሐንስ። ነፍሳቸውን ይማርና አባታችሁ በየዓመቱ ዮሐንስን አስልተው ነበር የሚያድሩት።» ሟቹ የባለቤቴ አባት የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ።

ስልኬ ላይ መታሁት። 5500 ሲደመር 2015፣ 7515። ለ4 ሲካፈል 1878 ደርሶ 3 ይቀራል። ሉቃስ። 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዓመቱን ብቻ ማካፈልም ያው ነው። እኔ ኢንተርኔት ላይ የፈለግኩትን የባሕረ ሐሳብ ሰዎች ኮምፒውተር ሳይፈጠር ጨርሰውታል፣ መልሱም ከላፕቶፔ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር።

የበለጠ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ አርብ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ሲጥል አማቴ ልጃችንን ደጅ አውጥተው ጠበሏን እያስነኳት ሳለ ነግረውኛል። «ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት፣ ዶሮውን እሁድ ገዝተህ ቤት ውስጥ እንዳታስጮኸው፣ ሰኞ ይደርሳል» ብለውኛል። እኔም «እሺ» ብዬ ሰኞ ሄጃለሁ። ዶሮውን በትክክለኛው ካሌንደር ገዛሁ። «ስድስት ናት» የሚለው ቃል በአንድ ጆሮዬ ገብቶ እዚያው የዶሮ ጉዳይ ሆኖ ቀረ፣ ሥራዬ ወዳለበት ክፍል አልተሻገረም።

ሦስቱንም አስተካከልኩ። አሁን የተበላሸው መረጃ ቀረ።

ቅጣቶቹን ልደመስሳቸው ነበር። ትእዛዙን ጽፌ ጨርሻለሁ። ሂሳብ ሹሟ ስልክ ላይ ስለነበረች ብቻ ነው የዳንኩት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቅጣቶቹን ላጠፋቸው።»

«እንዳታጠፋ! መዝገብ አይጠፋም። ቅጣቱ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ተቃራኒውን መዝግብ፣ ምክንያቱን ጻፍ። ኦዲተር ሲመጣ ሜሴጁ ለአባሉ ደርሷል፣ መዝገቡ ላይ ግን የለም፣ ምን ልለው ነው?»

ልክ ናት። ለእያንዳንዱ ቅጣት መልሶ የሚያወጣው ምዝገባ ሠራሁ። ጠዋት የገቡት ክፍያዎችም መስከረም 1 ቀን 2016 ተብለው ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ ሌላ ጥፋቴ ታየኝ፦ የኢትዮጵያን ቀን ዳታቤዙ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ነበር የማስቀምጠው። ደግነቱ ሰርቨሩ እያንዳንዱ ምዝገባ የገባበትን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ለብቻው ይይዛል። ከሱ ተነስቼ እንደገና አሰላሁ። የሰርቨሩ ሰዓት ከኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነም ማስታወስ ነበረብኝ፤ የሱ እኩለ ሌሊት የኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ይሄን ረስቼ ሌላ ጊዜ የከፈልኩት ዋጋ ስለነበር በዚህኛው አልረሳሁም።

ባትሪው 12 ሲል ቁልቁል ወርጄ ጀነሬተር ያለው ካፌ ገባሁ። ልጄን ይዣት ነው የሄድኩት፤ አማቴ ድስትና ልጅ በአንዴ አይሆንልኝም ብለዋል። ኬክ ገዛሁላት፣ ግማሹን ኪቦርዱ ላይ አፈሰሰችው።

የይቅርታ ሜሴጁ ሌላ ክርክር አስነሳ። የማህበሩ ሊቀመንበር ራሳቸው ደወሉ።

«በኔትወርክ ችግር ምክንያት ነው በልና ላክ» አሉኝ።

በዚህ አገር ኔትወርክ የስንቱን ኃጢአት እንደተሸከመ! «ጋሼ፣ የኔትወርክ ችግር አይደለም፣ የኛ ስህተት ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እሱን ካልክ አንተው ታውቃለህ፣ እኔ ግን ሲስተሙ ይሳሳታል ብለው ገንዘባቸውን እንዳያወጡ ነው» አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። እኔ ግን አንዴ የተዋሸው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰውም አያምንም ብዬ ሞገትኩ። በመጨረሻ እሺ አሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የሞባይል ሜሴጅ በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፣ በፊደላችን ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት ሜሴጅ ይቆጠራል፣ ሂሳቡም እንዲሁ። ለማህበሩ ሌላ ወጪ ላለመጨመር ይቅርታውን 70 ፊደል ውስጥ መክተት ነበረብኝ። የማያስፈልግ ቃል ስሰርዝ ስሰርዝ እንዲህ ሆነች፦

«ይቅርታ። ዛሬ የደረሰዎት የቅጣት መልእክት የሲስተም ቀን ስህተት ነው። ቅጣት የለብዎትም። መልካም በዓል።»

66። ከዚያን ቀን ኮዴ ሁሉ ይልቅ በዚህች ነው የምኮራው።

የተላከችው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ለአንድ ሰው ግን ዘግይታለች። ጡረታ የወጡ አዛውንት አባል ጠዋት ሜሴጁ ሲደርሳቸው ለበዓሉ የያዙትን ብር ከጎረቤት በተበደሩት ሞልተው፣ በታክሲ መጥተው፣ የነሐሴውን ከነቅጣቱ ከፍለው ሄደዋል። አልተከራከሩም፣ አልጮሁም። ሌሎቹ የጮሁት ምንም አልሆኑም፣ እሳቸው ግን በዓሉን በብድር ዋሉ። ሂሳብ ሹሟ ደውላ ብትነግራቸው «ለበዓል ማግስት ይደርሳል» አሏት። ረቡዕ ቢሮ ሲከፈት መጀመሪያ የተመለሰው የሳቸው ቅጣት ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስልክ ብደውል ስሜን ስነግራቸው «አንተ ደግሞ ማነህ?» አሉኝ። ሲስተሙን የጻፍኩት ነኝ ስላቸው ገረማቸው። ሰው ይጽፈዋል ብለው አላሰቡም ነበር።

ቤት ስመለስ 11 ሰዓት አልፏል። ዶሮው ከበረንዳው ብረት ጋር ታስሮ ይጠብቀኛል። ከብሎኩ ጀርባ ባለው የጋራ ቤት ወርጄ ባረክሁት። አማቴ ሲያጥቡ፣ ሲገነጣጥሉ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ሲያወጡ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ባለቤቴ ማታ 2 ሰዓት ላይ ገብታ ወጡ ገና መሆኑን አየች፣ እናቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ቤት ነበርክ አይደል?» አለችኝ።

በበዓሉ ሳምንት ነገሩን ከሥሩ ሠራሁት። የራሴን ፈንክሽን ሦስቱንም ቅጂ ጣልኳቸው። የኢትዮጵያን ካሌንደር የሚያውቅ ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ፣ ለካ ድሮም አለ፤ አይሲዩ የሚባለው፣ የዩኒኮድ ሰዎች የሚይዙት፣ ስልካችሁም ብራውዘራችሁም ውስጥ ያለ ነው። ፒኤችፒም በቀጥታ ይጠራዋል። በ2013 ግማሽ ሰዓት ብፈልግ አገኘው ነበር፣ በአንድ እጅ መጻፍ ቀለለኝ። አሁን ዳታቤዙ የሚይዘው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው፣ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደኛ ይቀየራል። ቴስትም፣ ኮዱን የሚፈትን ኮድ፣ ጻፍኩ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ተመልሶ ሴፕቴምበር 11። በዚህም አላመንኩም፣ የመቶ ዓመት ቀን፣ 36,525ቱንም፣ በአማቴ ስሌት ከጻፍኳት ትንሽ ፈንክሽን ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አንድም አልተለያየም። ለአማቴ ስነግራቸው «እና ምን ሊለያይ ኖሯል?» አሉ።

ድርጅታችን ውስጥ ስንነጋገርበት አንዱ ባልደረባዬ የበዓል ዋዜማ ማን ተጠባባቂ እንደሚሆን በተራ እንድንይዝ ሐሳብ አቀረበ። እስከዚያ ድረስ ተጠባባቂ የሚባለው ስልኩን ያነሳው ሰው ነበር። አሁን ተራ አለን፤ ተጠባባቂ የሆነ ሰው በማግስቱ ያርፋል። ለኔ ከኮዱ ለውጥ ይልቅ ቤቴ ውስጥ የታየችው ይቺ ናት።

የገና ዋዜማ ተራው የኔ አልነበረም። ግን ዓመቱ ዮሐንስ ነው፣ በዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ነው። ጾም ሊፈታ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ላፕቶፑን ብድግ አድርጌ ማህበሩ ሲስተም ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ሆና ስክሪኑ ሲያበራ አየችው።

«ተራህ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ቀኑን ልየው ብዬ ነው።»

«ስንት ይላል?»

«27።»

«ዝጋው በቃ» አለችና ፊቷን አዞረች።